የሞኝ፣ የጅልና የደንቆሮ ቃል ግንዱ እንዴት ይፈለጋል?

የሰው ጽሑፍ ማረም እንጀራዬ ነው። ልብ ወለድ፣ የሕይወት ታሪክ፣ የትርጉም ሥራ፣ አልፎ አልፎም የድርጅት ሪፖርት በእጄ ያልፋል። ከሁሉም ይልቅ እርሳሴን የሚያስቆመኝ የስድብ ቃል ነው፤ በተለይ ለሰው ሞኝነት የምንሰጠው ስም። ደራሲው «ጅል» ብሎ ጽፏል፣ ቦታው ግን የሚጠይቀው «ሞኝ»ን ነው። ወይም አሮጌ ዘመን ላይ የተቀመጠ ገጸ ባሕርይ ትናንት ከታክሲ ላይ በተነሣ ቃል ሲሳደብ አገኘዋለሁ። «አልጣመኝም» ብሎ መሰረዝ ለደራሲ መልስ አይሆንም። ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ ማንን ይጠራ እንደነበር ማሳየት አለብኝ። እዚህ የምጽፈው የምሠራበትን መንገድ ነው። ጥሩ መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ጨዋታ የሚወዱ አዛውንት ካሏችሁ ይበቃችኋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሞኝን የሚጠራ ቃል ከሥሩ ሞኝነትን የሚናገረው ከስንት አንዴ ነው። አንዱ ከጆሮ ይመጣል፣ አንዱ ከቢላ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ አንዱ ከገበያ። ሕዝቡ በዚያ ዘመን ያከበረው ነገር ምን እንደነበር የጎደለው ሰው ስም ይነግራችኋል። ስለዚህ ፍለጋውን ስትጀምሩ «ጅልነት» የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ተዉትና የጎደለውን ዕቃ ፈልጉ።

ለዚህ ቀላሉ ዘዴ ተቃራኒውን መጥራት ነው። «እሱ እንዲህ ነው፣ ወንድሙ ግን…» በሉና ቀሪውን አፋችሁ እንደመጣለት ይሙላው። አታስቡ፤ ካሰባችሁ መዝገበ ቃላት መምሰል ትጀምራላችሁ። ለሞኝ የሚመጣላችሁ ብልህ ነው፤ ለጅል ብልጥ፤ ለደነዝ ስል፤ ለማይም የተማረ፤ ለፋራ አራዳ፤ ለየዋህ ተንኮለኛ። ብልህና ብልጥ አንድ አይደሉም፤ እንግዲያው ሞኝና ጅልም አንድ አይደሉም። የየዋህ ተቃራኒ ደግሞ ጭራሽ ክፉ ሰው ሆኖ ተገኘ። ወንጌሉ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ይላል፤ ሰፈር ውስጥ ግን «እሷ እኮ የዋህ ናት» ሲባል ድምፁን አድምጡት፣ ግማሹ ሐዘኔታ ነው።

ፋራንም የሚያስረዳን አራዳ ነው። አራዳ በመጀመሪያ የቦታ ስም ነው፤ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ነጋዴና ደላላ፣ ባለሥልጣንና ሥራ ፈት፣ ሌባና ሌባ ጠባቂ እዚያ ሲጋፋ ይውል ነበር። እዚያ የዋለ ሰው በቀላሉ አይታለልም፤ የቦታው ስም የሰው ጠባይ ስም ሆነ። ፋራ እንግዲህ አእምሮ የጎደለው ሳይሆን ከተማ የጎደለው ሰው ነው። ፕሮፌሰር ፋራ ሊሆን ይችላል፣ ሊስትሮ አራዳ ሊሆን ይችላል። አንድ ደራሲ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት አንኮበር ላይ የሚኖር ባላባት አሽከሩን «አንተ ፋራ!» ሲለው ጽፎ አመጣልኝ። ገበያው ገና ሳይቆም ገበያውን የማያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? «ባላገር» እንኳ ለባላባቱ ስድብ አይሆንለትም፤ ቃሉ ባለ አገር ነው፣ የአገሩ ባለቤት። ስድብ የሆነው ከተሜው በርክቶ ከላይ ወደ ታች ማየት ሲጀምር ነው።

ቀጥሎ ቃሉን አርቡት። የአማርኛ ቃል ምስጢሩን የሚያወጣው ግስ ሲሆን ነው። ሞኝ ተሞኘ፣ አሞኘ ይሆናል፤ ጅል ተጃጃለ፣ አጃጃለ። «አሞኘኝ» ያለ ሰው «አታለለኝ» ማለቱ ነው። ሞኝ ለመሆን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻውን በረሃ የተቀመጠ ሰው አይሞኝም። ደነዝ ግን ማንንም አይፈልግም። ቢላ ይደነዛል፤ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ መጨፍለቅ ሲጀምር ደንዟል እንላለን፣ ሞረድ እንፈልጋለን። ፈዛዛም እንዲሁ ነው፤ መብራት ይፈዛል፣ የታጠበ ነጠላ ጥለቱ ይፈዛል፣ ከዚያ ሰው ይፈዛል። ደደብ ከእነዚህ ወገን ነው፤ «ይሄ ትምህርት አደደበኝ» ያለ ተማሪ አታለለኝ ማለቱ አይደለም።

በዚህ ብቻ ሁለት ወገን ይለያል፦ የሚታለል ሞኝና መሣሪያው የደነዘበት ሞኝ። ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፍቅረኛዋ የከዳት ሴት «ምን ዓይነት ደደብ ነበርኩ!» ስትል ከተተረጎመ ፊልም ላይ የወረደች ትመስላለች። የኛ ሴት «ሞኝ ነበርኩ» ትላለች፤ አምናለች እንጂ አልደነዘችም። «ሞኝ ሆዴ» ብሎ ራሱን የሚወቅስም ሆዱ ቂም አልይዝ ብሎት ነው፤ ውስጡ ትንሽ ኩራትም አለበት። እናት ልጇን «ሞኜ» ስትለው ትስመዋለች። «ደደቤ» ብላ የምትስም እናት አላየሁም።

ሞኛሞኝ፣ ጅላጅል፣ ቂላቂል የሚሉት ድርብርቦች ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ግንዳቸው ከነጠላው ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ተረትና ምሳሌ ነው። ቁም ነገሩ ምሳሌው ውስጥ ያለው ዕቃ ላይ ነው። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል ገበሬ። ሞፈር የሚሆን እንጨት ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ከሩቅ ተፈልጎ የሚገኝ ነው፤ ማንም ከደጁ እንዲህ ያለ ዛፍ አስቆርጦ ዝም አይልም። ሞኙ ዝም ይላል። እዚህ ሞኝነት ማለት ንብረትን አለመከላከል ነው፣ አለማወቅ አይደለም። «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ሁለተኛው ንድፊያ የመጣው የደረሰበትን ለሰው ለማስረዳት ባደረገው ልፋት ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» የሚለውን ነው። አበባዬ የዕንቁጣጣሽ ዘፈን ነው፤ በመስከረም ያምራል፣ በየካቲት ያስቃል። ይህ ሞኝ ዘፈኑን አሳምሮ ያውቃል፤ የጎደለው ወቅቱ ነው። ምሳሌዎቹን በተርታ ጻፉና ከእያንዳንዱ ፊት «የጎደለው ምንድን ነው?» ብላችሁ መልሱን አስቀምጡ፤ ንብረት፣ ጥንቃቄ፣ ወቅት። «ጅል አይሙት እንዲያጫውት» ከሚለው ጋር ስታስተያዩት ጅል ሌላ ሰው መሆኑ ይታያችኋል፤ ሞኝን ይበሉታል፣ ጅልን ይስቁበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድጓድ እንግባ፤ ሰነፍ። የዛሬ አንባቢ ሰነፍ ሲባል የሚታየው ከአልጋ የማይነሣ፣ የቤት ሥራውን የማይሠራ ልጅ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ክፈቱና መዝሙረ ዳዊት 14ን አንብቡ፤ «ሰነፍ በልቡ፦ አምላክ የለም ይላል።» እንቅልፋም ሰው እግዚአብሔርን ለመካድ ምን አስነሣው? ግእዙን አጠገቡ አስቀምጡት፤ በግእዙ ዳዊት ቁጥሩ መዝሙር 13 ነው። «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» ይላል። አብድ። በግእዝ አብድ ልብ የሌለው፣ የማያስተውል ሰው ነው፤ አማርኛ ቃሉን ወስዶ «እብድ» አለና ጨርቁን ለሚጥል በሽተኛ ሰጠው። የአማርኛው ተርጓሚ «እብድ በልቡ» ቢል ሕመምተኛውን ሊያማ ነው፤ ስለዚህ «ሰነፍ» አለ፤ እሱ ሰነፍ ሲል የማያስተውል ማለቱ ነበር።

ይህን በግምት አትቀበሉኝ፤ ማረጋገጫው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። መጽሐፈ ምሳሌ 6 ላይ እንቅልፋሙ ሲገሠጽ ሰነፍ አልተባለም፤ «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጕንዳን ሂድ» ነው የተባለው። ታካች ለእንቅልፋሙ፣ ሰነፍ ለማያስተውለው። ምሳሌ 26 ላይም «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት» ካለ በኋላ ወዲያው በቀጣዩ ቁጥር «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት» ይላል፤ ከሰነፍ ጋር ስለ መከራከር እንጂ ስለ ሥራ ፍቅር አይደለም። ማቴዎስ 25 ላይ ያሉት አምስቱ ሰነፎች ደናግልም ከአምስቱ ልባሞች እኩል ነው ያንቀላፉት፤ «ሁሉ እንቅልፍ መጣባቸውና ተኙ» ይላል። ልዩነቱ ዘይቱ ላይ ነው። ሰነፍን እንደ ዛሬው ካነበባችሁት ታሪኩ ይፈርሳል።

እንደኔ ግምት ቃሉን ያዞረው ትምህርት ቤት ነው። «ሰነፍ ተማሪ» የማይገባው ይሁን የማያጠና፣ ካርዱ ላይ የሚመጣው ቁጥር አንድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስም ተቀመጡ። ጎበዝም በተቃራኒው በር ገባ። ጦር የሚወረውር ጎልማሳ የነበረው ጎበዝ አሁን ሒሳብ ላይ ዘጠና የሚያመጣ ልጅ ነው።

ልብ በሉ፣ በዚያው መጽሐፍ ሞኝ የሚለው ቃልም አለ። አንደኛ ቆሮንቶስ 1 ላይ «ከሰው ይልቅ የእግዚአብሔር ሞኝነት ይጠበባልና» ተብሏል። ለእግዚአብሔር «ስንፍና» ለማለት ብዕር ይፈራል፤ «ሞኝነት» ግን የሰው ዓይን እንደዚያ አየው ለማለት ይበቃል። ሁለቱን ቃላት ለመለየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ መዝገበ ቃላት ይከፈታል። ከመጀመሪያው ያላስከፈትኳችሁ ሆን ብዬ ነው፤ ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ ከከፈታችሁት ከትርጉሞቹ የመጀመሪያውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ለግእዙ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ ለአማርኛው የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የወጣው ናቸው የእኔ መደገፊያ። አዲስ አንባቢን የሚያስመርረው ተራቸው ነው። ሁለቱም በሀለሐመ አይሄዱም፤ አበገደ፣ ሀወዘ፣ ሐጠየ፣ ከለመነ እያሉ ነው የሚሄዱት። እኔ ተራውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከሽፋኑ ውስጥ ለጥፌዋለሁ፤ እናንተም ለጥፉት፤ አለዚያ «ሞኝ»ን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የኪዳነ ወልድ መጽሐፍ የሚጀምረው በሰዋስው ነው፤ መዝገቡ ከዚያ በኋላ ነው። ግእዝ ደግሞ በግሱ ይፈለጋል፤ ስም ይዛችሁ ከሄዳችሁና ፊቱ ላይ «መ» ካለች እሷን አንሡና የቀረውን ፈልጉ።

ፊደል ላይ ተጠንቀቁ። እብድን ብዙ ሰው «ዕብድ» ብሎ ይጽፋል፤ ስናነበው ልዩነት የለውም። ፍለጋ ላይ ግን ያሳብዳል። የግእዙ አብድ በአልፉ አ ነው። በዐይኑ ዐ ከሄዳችሁ የምትደርሱት ዐብደላ የሚለው ስም ውስጥ ካለው ግንድ ላይ ነው፤ እሱ በዓረብኛ ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ከአንዲት ፊደል ስሕተት ተነሥቶ «እብድ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው» የሚል ጽሑፍ ሊጻፍ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍም አንባቢ አያጣም። ስለ መልክ መመሳሰል ካነሣን፣ ጅሌ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ጅሌ ጥሙጋ ወረዳም ስሙን ከዚያ አገኘ። ከ«ጅል» ጋር የሚያያይዘው ቀልደኛ ብቻ ነው። ቃል ከቃል ጋር የምታገናኙት ድምፁ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙ የተጓዘበት መንገድም ሲታያችሁ ይሁን።

መንገዱ ጥርት ብሎ የሚታየው ማይም ላይ ነው። አንዳንዱ መሃይም ይለዋል። የግእዙ ሙሉ ቃል መሃይምን ነው፤ «መ»ን አንሡ፤ ግሱ ሃይመነ ይቀራል፤ አመነ ማለት ነው። ሃይማኖትም ከዚሁ ግስ ነው። መሃይምን እንግዲህ የሚያምን፣ ምእመን ነው፤ ስብከት ላይ «መሃይምናን» ሲባል ሕዝበ ክርስቲያኑ ማለት ነው እንጂ ስድብ የለበትም። ስድብ ያደረገው የኑሮው አቀማመጥ ነው። ፊደል የሚቆጠረው፣ ዳዊት የሚደገመው የኔታ ዘንድ በነበረበት ዘመን የሚያነብ ካህንና ደብተራ ነው፤ ካህን ያልሆነ ምእመን፣ አብዛኛው ሕዝብ፣ አያነብም። ምእመን ማለት የማያነብ ማለት ሆነ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ን ወደቀች፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ መሃይምነት እንደ ጠላት ጦር የሚዘመትበት ነገር ነበር። ጨዋም እኩል መንገድ ሄዷል፤ የቤተ ክህነት ሰው «እሱ ጨዋ ነው» ሲላችሁ ስለ ምግባሩ አይደለም የሚያወራው፣ አልተማረም እያለ ነው።

ይህ የኛ ብቻ አለመሆኑን ሳይ ተገርሜያለሁ። ፈረንጅ ኢዲየት የሚለው ቃል ከግሪኩ ኢዲዮቴስ የመጣ ነው፤ ሹመት የሌለው፣ በግሉ የሚኖር፣ ሙያውን ያልተማረ ተራ ሰው ማለት ነበር። ሞሮን የሚባለውም ከግሪክ ነው፤ ሄንሪ ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1910 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች መለኪያ እንዲሆን አወጣው፤ ሐኪሞቹ ቃሉን ሲተዉት ለተሳዳቢ ቀረ።

እኛ ዘንድም ከሕመም ተነሥቶ ስድብ የሆነ አለ፤ ደንቆሮ። «ደንቆሮችም ይሰማሉ» ይላል ማቴዎስ 11፤ ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ግን ወንድሙን «ደንቆሮ የሚለውም ሁሉ የገሃነመ እሳት ፍርድ ይገባዋል» ሲባል የተከለከለው ስድብ ነው። አንድ ቃል፣ አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ሰው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ትምህርት በቃል በሚሰጥበት አገር የማይሰማ አይማርም፣ ምክርም «ስማኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዛሬ ጆሮውን በተመለከተ «መስማት የተሳነው» እንላለን። እኔ ቃሉ ለስድብ ሲመጣ ዳርቻው ላይ ጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። ተናጋሪው ገጸ ባሕርይ ከሆነና አፉ እንዲያ ከሆነ ይቆያል፤ ተራኪው ራሱ ከሆነ «አላዋቂ» በቂ ነው፣ ማንንም አያቆስልም።

የመጨረሻው ምንጭ ሰው ነው፤ እሱም አጠያየቅ ያስፈልገዋል። አዛውንት ዘንድ ሄዳችሁ «እማማ፣ ጅል ማለት ምን ማለት ነው?» ካላችሁ «ያው ጅል ነዋ» ነው መልሱ፤ ልክ ናቸው። «በልጅነትዎ በአገሩ ጅል የሚባለው ማን ነበር? ምን ሲያደርግ?» ብላችሁ ጠይቁ። አክስቴን እንዲህ ብጠይቃት ቡና እየቀዳች ወሬዋን አላቋረጠችም፤ «ሞኝማ ልቡ ነጭ ነው፣ ያበደረውን አይጠይቅም። ጅል ሲስቁበት አብሮ የሚስቅ ነው» አለችኝ። ቂልስ? ስኒውን አቀበለችኝና «ቂል የነገሩትን ለባለቤቱ ሄዶ የሚናገር» አለች። ይህ በየትኛውም አገር የሚሠራ ትርጉም ነው አልልም፤ የእሷ አገር ነው፣ ጎጃም። ሸዋ ያደገ ሌላ ይላችሁ ይሆናል። ስለዚህ የሰማችሁትን ስትጽፉ የተናጋሪውን አገርና ዕድሜ አጠገቡ አስፍሩ። ስልካችሁን ደግሞ ከፊታቸው አንሡት፤ መቅጃ ያየ አዛውንት ስድቡን ሁሉ ያጥብና «የዋህ» እያለ ይነግራችኋል።